ተራራ የወጡ መርከቦች

በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ስለ ተደረገው የባሕር ጦርነት

መርከብ ከወደብ ተነሥቶ ባሕር ሲያቋርጥ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ የተሠራለት ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለት የጦር ጀልባዎች በበሬና በሰው ጉልበት እየተጎተቱ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ወጡ፤ ዱር ሰንጥቀው በማዶ ወረዱ፤ ወርደውም በአፍሪካ መካከል በሚገኝ ሐይቅ ላይ የጠላት መርከብ ማረኩ ቢባል፣ ሰሚው ተረት ነው ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን የሆነ ነው። የሆነውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915 እና በ1916 ነው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፍናቸው እንጂ በእኛ 1907 እና 1908 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ በአገራችን ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ የነበሩበት ዘመን ማለት ነው።

ታሪኩን ለመከተል አስቀድሞ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። የአፍሪካን ካርታ የዘረጋ ሰው ከመካከሉ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ እንደ ጅራፍ የተጋደመ ቀጭን ውሃ ያያል። ታንጋኒካ ይኸው ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጎኑ ግን በአማካይ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ጥልቀቱ 1,470 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከሳይቤሪያው ከባይካል በቀር በጥልቀት የሚበልጠው ሐይቅ በዓለም ላይ የለም። ማዕበል ሲነሣበት ጀልባ ይሰብራል። ስሙ ሐይቅ ይሁን እንጂ ጠባዩ የባሕር ነው።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር የምሥራቁ ዳርቻ የጀርመን፣ የምዕራቡ ዳርቻ የቤልጅግ ኮንጎ ነበር፤ በደቡብ ጫፍ ደግሞ እንግሊዞች ሰሜን ሮዴሽያን፣ ማለት የዛሬዋን ዛምቢያን ይዘው ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ጦር የሚያሳልፍ ደኅና መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ውሃውን የያዘ ወገን ወታደሩን በፈለገው ሌሊት በፈለገው ቦታ ያወርዳል፤ ውሃውን ያልያዘው ግን ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣበት ስለማያውቅ ዳርቻውን ሁሉ ሲጠብቅ ይኖራል።

ጀርመኖች ይህን ቀድመው ዐወቁ። ሄድቪግ ፎን ቪስማን እና ኪንጋኒ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የእንፋሎት መርከቦች ነበሯቸው። ጦርነቱ ሲነሣ ሜቨ የተባለችውን የባሕር ጥናት መርከባቸውን በዳሬሰላም ወደብ ራሳቸው አሰጥመው፣ መርከበኞቿን በባቡር ወደ ሐይቁ ላኩ፤ አለቃቸውም ካፒቴን ጉስታፍ ሲመር ነበር። ገና በኦገስት 1914 ሄድቪግ ሐይቁን ተሻግራ የቤልጅጎችን አሌክሳንድር ደልኮሚውን የተባለ መርከብ በመድፍ ደብድባ ከሥራ አወጣችው። በደቡብ በኩል የነበሩትን የእንግሊዝ አሮጌ መርከቦችም ሳይቆይ አጠፏቸው። ከዚያ ወዲያ በታንጋኒካ ላይ ከጀርመን ባንዲራ በቀር የሚውለበለብ አልነበረም። መርከቦቹ ብዙ ሆነው አይደለም፤ ሌላው ወገን አንድም ስላልነበረው ነው። ዝግ ውሃ እንደ ውቅያኖስ አይደለም፤ አንዲት ጀልባ የጠፋችበት ምትክ ከየት ያመጣል?

በዚህ ላይ ሦስተኛዋ ተጨመረች። ግራፍ ፎን ጎትሰን የተባለችው መርከብ በ1913 በፓፐንቡርግ ከተማ በጀርመን አገር ተሠርታ፣ እንደገና ብሎኗ ተፈታትቶ በ5,000 ያህል ሣጥን ታሽጋ ወደ ዳሬሰላም ተጫነች። ከዚያም በአዲሱ ባቡር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ሐይቁ ዳር ኪጎማ ደረሰች። የሚገጣጥሟት ሦስት የመርከብ ሠሪዎችም አብረዋት ነበሩ፤ የእነዚህን ሰዎች ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልን፣ ኋላ እንመለስበታለን። በ1915 ዓመት አጋማሽ ሥራ ስትጀምር ርዝመቷ 70 ሜትር ያህል ስለ ነበረ፣ በሐይቁ ላይ ከሷ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በዚያው ሰሞን ኬኒግስበርግ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በሩፊጂ ወንዝ አፍ ስትጠፋ፣ መድፎቿ ወጥተው ለየብስ ጦር ታደሉና አንደኛው 10.5 ሳንቲ ሜትር መድፍ ለጎትሰን ደረሳት።

ይህን ሁሉ ሎንዶን ላሉ ሰዎች ያወራው ጆን ሊ የሚባል አዳኝ ነበር። አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ በኤፕሪል 1915 ወደ ባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሄዶ ለአድሚራል ሄንሪ ጃክሰን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ትልቅ መርከብ ማጓጓዝ አይቻልም፤ ነገር ግን ፈጣን የሆኑ ትናንሽ የሞተር ጀልባዎችን በደቡብ አፍሪካ ባቡር አምጥቶ፣ ባቡሩ ካለቀበት ደግሞ በዱር ጎትቶ ሐይቁ ላይ መጣል ይቻላል አለ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ።

አዛዥ ሆኖ የተመረጠው ጄፍሪ ስፓይሰር ሲምሰን ነው። የባሕር ኃይሉ ብዙ የጦር አለቆች ነበሩት፤ ግን ደኅና ደኅናዎቹ ሁሉ በሥራ ላይ ነበሩ። ስፓይሰር ሲምሰን በወጣትነቱ ገብቶ፣ ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ ገና ሌፍተናንት ኮማንደር የነበረ፣ ጓደኞቹ ቀድመውት የሄዱ ሰው ነው። በኖቬምበር 1914 ያዝዛት የነበረችው ናይጀር የምትባል መርከብ በጠላት ቶርፒዶ ስትመታ እሱ በየብስ ላይ በሆቴል ከባለቤቱ ጋር ነበረ፤ ስትሰጥም በመስኮት አያት ይባላል። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድገቱ ተረስቶበት ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ሁሉ፣ ያ ትእዛዝ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ምን እንደተሰማው ለመገመት አይቸግረውም።

ጀልባዎቹ ሁለት ናቸው፤ 12 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ገላቸው እንጨት ነው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት የቤንዚን ሞተር፣ በፊታቸው አንድ ትንሽ መድፍ፣ በኋላቸው አንድ መትረየስ ተሰጣቸው። ስም ይውጣላቸው ሲባል ስፓይሰር ሲምሰን «ድመት» እና «ውሻ» ብሎ አቀረበ። ሚኒስቴሩ ለጦር መርከብ የሚገባ ስም አይደለም ብሎ ከለከለ። እሱም ጥቂት አሰበና «ሚሚ» እና «ቱቱ» ይሁኑ አለ፤ ይህ ጸደቀለት። ሚሚ ለእኛ ጆሮ የሴት ልጅ የቁልምጫ ስም ነው። በፈረንሳይኛ ግን ሕፃናት ድመትንና ውሻን የሚጠሩባቸው ቃላት ናቸው፤ ውሮና ቡቺ እንደማለት ነው። ሰውየው በሌላ ቋንቋ የፈለገውን አደረገ።

በጁን 1915 ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው፣ 28 ያህል ሰዎች ሆነው ኬፕታውን ገቡ። ከዚያ ጀልባዎቹን በባቡር ላይ ጭነው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተጓዙና፣ በኦገስት መጀመሪያ በካታንጋ ውስጥ ፉንጉሩሜ በሚባል ቦታ ሐዲዱ አለቀ። እስከዚህ ድረስ ያለው ጉዞ ሽርሽር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፉንጉሩሜ እስከ ሳንኪሲያ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የሚቱምባ ተራሮች ተገትረዋል። መንገድ የለም። በመቶ የሚቆጠሩ የኮንጎ ሰዎች እየቀደሙ ዛፍ ቆረጡ፣ ድንጋይ ፈነቀሉ፣ በየሸለቆው ላይ ግንድ እያጋደሙ ከመቶ በላይ ድልድይ ሠሩ። ከበስተኋላ በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ ሁለት ግዙፍ ጎታች መኪናዎች ይከተላሉ። መኪናዎቹ ግን ለአገሩ ከበዱ፤ ድልድዩ ከሥራቸው ይሰበራል፣ መሬቱ ይከዳቸዋል፤ ዳገቱ ሲጠና ደግሞ ከነጭራሹ ይቆማሉ። ያን ጊዜ በሬዎች ይጠመዳሉ። በሬም ሲያቅተው ገመዱ በትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ ይዞርና ሰው ይይዘዋል፤ ጀልባይቱም እርምጃ በእርምጃ ትሳባለች። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል፤ እዚያ የሚፈለገው መጎተት ሳይሆን መያዝ ነውና።

ጊዜው የበጋው ማብቂያ ስለ ነበረ ወንዞች ደርቀዋል። የእንፋሎት መኪና ደግሞ ውሃ ካላገኘ አይሄድም። ስለዚህ ከየመንደሩ የተሰበሰቡ ሴቶች ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ውሃ በእንስራ እየቀዱ በራሳቸው ተሸክመው አመጡ። ሰው የሚጠጣው ውሃ በቁና በሚሰፈርበት ቀን መኪናው ሆዱ እስኪሞላ ይጠጣ ነበር። የጉዞው መሪዎች ስም ከነማዕረጋቸው በየመጽሐፉ ይነበባል፤ የመንገድ ጠራጊዎቹና የውሃ ቀጂዎቹ ስም ግን ሲነሣ አናይም። እነሱ ባይኖሩ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፉንጉሩሜ ላይ በቆመ ነበር።

ወደ ስድስት ሳምንት ፈጀባቸው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሳንኪሲያ ደርሰው፣ በአጭር የባቡር ሐዲድ እስከ ቡካማ፣ ከቡካማ በሉዋላባ ወንዝ ቁልቁል ወረዱ። ወንዙ ከመጉደሉ የተነሣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ እየተቀመጡ አስቸገሩ፤ ከሥራቸው ባዶ በርሜል እያሰሩ አንሳፈፏቸው። በኦክቶበር 24 ቀን 1915 በሌላ ባቡር ሉኩጋ፣ ማለት ዛሬ ካሌሚ በምትባለው ከተማ አጠገብ ከሐይቁ ደረሱ። መሪ ሆኖ የተነሣው አዳኙ ሊ ግን አልደረሰም፤ ከአዛዡ ጋር ተጣልቶ በመንገድ ላይ ተሰናበተ። ሐሳቡ የሱ ነበር፤ ሌላው ተሾመበት።

በሉኩጋ የቤልጅግ መኮንኖችና የኮንጎ ወታደሮች ሰፍረው ነበር። ይህ የኮንጎ ጦር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1941 በወለጋ ሰዮ ላይ ከኢጣልያኖች ጋር ተዋግቶ ጄኔራል ጋዜራን እጅ ያሰጠው ይኸው ጦር ነው። ስፓይሰር ሲምሰን ከቤልጅጎቹ ጋር አልተስማማም። ክንዱና ገላው በንቅሳት የተሞላ፣ በሙቀቱ ምክንያት ሱሪ ትቶ ጉርድ የሚለብስ፣ ጀብዱውን ሲያወራ የማይደክም ሰው ነበር። የአካባቢው የሆሎሆሎ ሰዎች ሲታጠብ ለማየት ይሰበሰቡ ነበር፤ ምስሉንም በጭቃ ሠርተው አመለኩት ተብሎ ተጽፏል። ይህን የጻፉት እንግሊዞቹ ናቸው። ሆሎሆሎዎቹ ማታ በየቤታቸው ስለዚያ ጉርድ ለባሽ ምን ይሉ እንደ ነበር መስማት ብንችል የበለጠ ደስ ባለን።

ጀርመኖች በማዶ አንድ ነገር እንደሚሠራ ጠርጥረዋል። የኪንጋኒ አዛዥ የነበረው ሮዘንታል ወደቡን ለመሰለል በሌሊት ዋኝቶ ገብቶ በዚያው ተማረከ። ያየውን ለወገኖቹ ሳይነግር ቀረ፤ ጀልባዎቹም ዲሴምበር 22 እና 23 ቀን ውሃ ላይ ወረዱ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 26 ቀን እሑድ ጧት፣ ኪንጋኒ በአዲስ አዛዥ ለቅኝት መጣች። ሚሚና ቱቱ ካለፈቻቸው በኋላ ከወደብ ወጥተው በስተኋላዋ ያዟት። አሠራሩ ይህ ነው፤ የኪንጋኒ መድፍ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነበር፤ የእንግሊዞቹም መድፍ ወደ ጎን ቢተኮስ ቀላሎቹን ጀልባዎች ስለሚጎዳ ወደ ፊት ብቻ ይተኩሳል። እንግዲህ ከኋላ ለሚያባርር ፈጣን ጀልባ የሚመች ነው፤ ለሚሸሽ ግን መዞር አለበት፣ ከዞረ ደግሞ ጎኑን ይሰጣል። በ11 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። አንድ ጥይት የመድፉን ጋሻ በስቶ አዛዡንና ሌሎችንም ገደለ፤ የቀሩት እጃቸውን ሰጡ። ኪንጋኒ ውሃ እየገባባት ወደ ወደቡ ተወስዳ፣ ተጠግና፣ ከበፊቱ የሚበልጥ መድፍ ተሰጥቷት «ፊፊ» ተባለች። ስፓይሰር ሲምሰን ያን ለዓመታት የጠበቀውን የኮማንደርነት ማዕረግ አገኘ።

በማዶ ያሉት ጀርመኖች የኪንጋኒን መጥፋት የምድር መድፍ ሥራ ነው ብለው ገመቱ፤ እንግሊዞች በሐይቁ ላይ ጀልባ ይኖራቸዋል ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1916 ሄድቪግ ፎን ቪስማን ብቻዋን ወጣች። ቱቱ በማዕበል ተጎድታ ስለ ነበር ፊፊና ሚሚ ተከተሏት። ፊፊ ትልቁን መድፏን በተኮሰች ቁጥር ግፊቱ ራሷን ወደ ኋላ ይገታታልና ሄድቪግ እየራቀች ሄደች። ትንሿ ሚሚ ግን ቀድማ ደረሰችና እንደ ንብ ትነድፋት ጀመር። ሄድቪግ ሚሚን ለመምታት በዞረች ጊዜ ሁሉ ፊፊ ትቀርባለች። በመጨረሻ ለፊፊ ሦስት ጥይት ብቻ ቀረ፤ ከነዚህም አንዱ መድፉ ውስጥ ተቀርቅሮ ሃያ ደቂቃ ያህል አስጨነቃቸው። ከዚያ በኋላ የተተኮሰው ግን የሄድቪግን ሆድ አገኘ። መርከቢቱ ተቃጥላ ሰጠመች፤ የተረፉት ተማረኩ፤ ባንዲራዋም በእንግሊዞች እጅ ገባ።

በማግሥቱ ትልቋ ጎትሰን ጓደኛዋን ፍለጋ በሉኩጋ ፊት ለፊት ብቅ አለች። መኮንኖቹ ሁሉ ለመውጣት ተዘጋጅተው የአዛዡን አፍ ጠበቁ። ስፓይሰር ሲምሰን ግን አንወጣም አለ፤ እሷም አልፋ ሄደች። ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ይወቅሱታል። እኛ ግን ለመፍረድ አንቸኩልም። የ10.5 ሳንቲ ሜትር መድፍ አንድ ጥይት ቤንዚን የሞላበትን የእንጨት ጀልባ ብታገኘው ፍርስራሹም አይገኝም፤ ተራራ ተሻግሮ የመጣውም ድካም ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ጀልባዎቹ በወደብ ቢቀመጡም እንኳ ጀርመኖች እንደ ልባቸው መውጣት አይችሉም ነበር።

በጁን ወር ያደረገው ግን ለመከላከልም ያስቸግራል። በደቡብ ጫፍ ቢስማርክቡርግ የሚባለውን የጀርመን ምሽግ የእንግሊዝ የየብስ ጦር ሲከብበው፣ የሱ ጀልባዎች በውሃ በኩል መውጫውን መዝጋት ነበረባቸው። በምሽጉ ላይ ትላልቅ መድፎች አየና ፈርቶ ራቀ። ጀርመኖችም በሌሊት በጀልባ ተሳፍረው አመለጡ። የየብሱ ጦር ሲገባ መድፎቹ ከእንጨት የተጠረቡ ሆነው ተገኙ። ስፓይሰር ሲምሰን ከዚህ በኋላ ታመመ፤ ሐኪሙም ወደ አገሩ ላከው። ኒሻን ተሰጠው፤ መርከብ ግን ዳግመኛ አላዘዘም። በ1947 በካናዳ ሞተ።

የእንጨት መድፍ ነገር በዚህ አላበቃም። የጀርመን የየብስ ጦር መሪ ሌቶ ፎርቤክ መድፍ ስለቸገረው በዚያው ዓመት የጎትሰንን ትልቁን መድፍ አስነቅሎ ወስዶ ነበር፤ በቦታውም የእንጨት ምስል ተተከለ። ሐይቁን ሁሉ ያስፈራች መርከብ በመጨረሻዋ ወራት ግንድ ተሸክማ ትዞር ነበር ማለት ነው። የቤልጅግ አውሮፕላኖች ኪጎማ ድረስ ሄደው ቦምብ ጣሉባት። ቁም ነገሩ የተፈጸመው ግን በየብስ ነው፤ በጄኔራል ቶምበር የሚመራው የቤልጅጎች ጦር ከሰሜን በኩል ወደ ባቡሩ መስመር ሲገፋ ኪጎማ የሚያዝ ሆነ። በጁላይ 26 ቀን 1916 ጀርመኖች ጎትሰንን ራሳቸው አሰጠሟት። ከሁለት ቀን በኋላ ቤልጅጎች ኪጎማ ገቡ።

በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገው በዚሁ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ተሸካሚዎች በበሽታ፣ በረሃብና በድካም አልቀዋል። በሐይቁ ላይ በሁለቱ ውጊያዎች የሞቱት መርከበኞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚተረከው ታሪክ ሐይቁ ላይ ያለው ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ፎሬስተር በ1935 «የአፍሪካ ንግሥት» የሚል ልብ ወለድ ጻፈበት፤ በ1951 ሃምፍሪ ቦጋርትና ካትሪን ሄፕበርን የተጫወቱበት ፊልም ወጣና ዓለም ሁሉ አየው።

አሁን ወደ ሦስቱ የመርከብ ሠሪዎች እንመለስ። ጎትሰንን አስጥሙ ተብለው ሲታዘዙ፣ ከትውልድ ከተማቸው ተከትለዋት መጥተው በእጃቸው የገጣጠሟት መርከብ ናትና ዝም ብለው መስበር አልሆነላቸውም። ሞተሯን ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ግራሶ ቀቡት፤ ከዚያም በማላጋራሲ ወንዝ አፍ አጠገብ ቀስ ብለው ወደ ውሃው አወረዷት። ቤልጅጎች አንድ ጊዜ አነሷት፤ ማዕበል ደግሞ መልሶ አሰጠማት። በ1924 እንግሊዞች ሲያወጧት ሞተሯ ብዙም አልተበላሸም ነበር። በ1927 «ሊዬምባ» ተብላ ሥራ ጀመረች፤ ይህም ሊቪንግስተን ከአገሩ ሰዎች ሰምቶ የጻፈው የሐይቁ የቀድሞ ስም ነው። ሚሚና ቱቱ በታሪክ ብቻ ሲቀሩ፣ ጠላት የተባለችው መርከብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አገኘች። ዓሣና በቆሎ ስትጭን፣ ነጋዴና ተማሪ ስታመላልስ ኖረች። በ1997 ከዛኢር የተሰደዱትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ አገራቸው መለሰች። በ2015 ደግሞ ከቡሩንዲ ሸሽተው ካጉንጋ በምትባል ጠባብ የሐይቅ ዳር መንደር የተከማቹትን ስደተኞች ለማውጣት ተላከች፤ ወደብ ስላልነበረ ከባሕሩ ራቅ ብላ ቆማ፣ ሕዝቡ በትናንሽ ጀልባ እየቀረበ ወጣባት፤ እሷም ወደ ኪጎማ ወሰደቻቸው።